«የችሎታ ጨዋታ» የሚሉት ወጥመድ፦ የበይነ መረብ ፖከር ለምን ሥራ ሊሆን አይችልም?

ከጥቂት ወራት በፊት የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። ዕድሜው ሠላሳ ያልሞላ፣ በሶፍትዌር ሙያ ደህና ደመወዝ የሚያገኝ ወጣት ነው። ሥራውን ለቅቆ በበይነ መረብ ፖከር መተዳደር እንደሚፈልግ ነገረኝና ለመነሻ የሚሆን ገንዘብ እንዳበድረው ጠየቀኝ። «እህቴ፣ አንቺ ኢኮኖሚስት ነሽ። ይህ እንደ ሎተሪ የዕድል ነገር እንዳልሆነ ከማንም በላይ ይገባሻል» አለኝ። ብድሩን ከለከልኩት። ምክንያቴን እንደ ወግ አጥባቂነት ስለቆጠረው፣ በእኛ የተማረ ወገን ዘንድም የእርሱ መከራከሪያ ብዙ ደጋፊ ስላለው መልሴን እዚህ በዝርዝር አቀርባለሁ። ተቃውሞዬ የሥነ ምግባር ሳይሆን የሒሳብ ነው።

በመጀመሪያ፣ ፖከር በአመዛኙ የችሎታ ጨዋታ መሆኑን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2012 የኒው ዮርክ ፌዴራል ዳኛ ጃክ ዋይንስታይን በፖከር ውጤት ላይ ችሎታ ከዕድል እንደሚያመዝን ወስነው ነበር። በ2013 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን የሻረው በሕጉ አተረጓጎም ላይ ተመሥርቶ እንጂ የችሎታውን ማስረጃ ውድቅ በማድረግ አልነበረም። ስህተቱ የሚጀምረው «ችሎታ ስለሚጠይቅ ለተማረ ሰው ያዋጣል» ከሚለው ድምዳሜ ነው። በሎተሪ ፊት ፕሮፌሰሩም ሊስትሮውም እኩል ናቸው። በፖከር ግን ገንዘቡ ከደካማው ወደ ብርቱው ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ድርጅቱም ከብዙ ዙሮች ድርሻውን ስለሚቆርጥ የተጫዋቾቹ ትርፍና ኪሳራ ሲደመር ውጤቱ ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ነው። ስለዚህ ተገቢው ጥያቄ «እኔ ጎበዝ ነኝ ወይ?» ሳይሆን «ከእኔ የሚያንሱና ኪሳራቸውን ችለው የሚቆዩ በቂ ሰዎች አሉ ወይ?» የሚለው ነው።

እነዚህ ሰዎች በብዛት የነበሩበት ዘመን ነበር። በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ የሒሳብ ባለሙያ በ86 ዶላር የበይነ መረብ ማጣሪያ ገብቶ በላስ ቬጋሱ የዓለም ውድድር 2.5 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈ። ይህን ያየ ጀማሪ ሁሉ ወደ ገበያው ጎረፈ። የዚያ ዘመን ባለሙያዎች ትርፍ የመጣው ከጎበዝነታቸው ብቻ ሳይሆን ከዚህ ጎርፍ ነበር። በ2006 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የክፍያ መስመሮቹን አጠበበ። ሚያዝያ 15 ቀን 2011 ደግሞ የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ በሦስቱ ታላላቅ ድርጅቶች ባለቤቶች ላይ የመሠረተውን ክስ ይፋ ሲያደርግ ትልቁ ገበያ በአንድ ቀን ተዘጋ። ከ2013 ወዲህ ጥቂት ግዛቶች ፈቃድ መስጠት ቢጀምሩም ገበያው የተበጣጠሰ ነው።

ከዚያ የሚከተለው ለኢኮኖሚስት የታወቀ ሒደት ነው። ደካማው ከስሮ ይወጣል፤ ትናንት መካከለኛ የነበረው ዛሬ ደካማ ይሆናል፤ እርሱም በተራው ይወጣል። በጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀሩት እርስ በርስ የሚበላሉ ባለሙያዎች ናቸው።

በዚህ ላይ የዕውቀት ዋጋ ወደቀ። በ2015 የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ውርርዱ የተገደበውን የሁለት ሰው ፖከር በኮምፒውተር ፈቱት። በ2017 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ሊብራተስ በ120,000 ዙሮች አራት ታላላቅ ባለሙያዎችን አሸነፈ። በ2019 ፕሉሪበስ በስድስት ሰው ጠረጴዛ ላይ ይህንኑ ደገመ፤ ለሥልጠናው የወጣው የኮምፒውተር ወጪ በኪራይ ዋጋ ሲተመን ከ150 ዶላር በታች ነበር። ትክክለኛውን ስልት የሚያሰሉ ፕሮግራሞችም ዛሬ ለማንም ይሸጣሉ። ሁሉም ሊገዛው የሚችል ዕውቀት ለማንም የተለየ ትርፍ አያስገኝም። ተጫዋቹ ተራርቆ ሳለ ቀላል የነበረው የድርጅቱ ድርሻም፣ ልዩነቱ ሲጠብ ቀሪውን ትርፍ ሁሉ ይውጠዋል።

«እኔ ግን እያተረፍኩ ነው» የሚል ሰው ስታቲስቲክሱን ይመልከት። ገደብ በሌለው ፖከር በየ100 ዙሩ ያለው መደበኛ ልይይት ከካርታ እደላ በፊት በግዴታ ከሚያዘው ትልቁ መደብ ወደ 100 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ምንም ብልጫ የሌላቸው ሰዎች 100,000 ዙር ቢጫወቱ ከስድስቱ አንዱ ያህል በዕድል ብቻ ከ3,000 መደብ በላይ አትርፎ ይታያል። ይህ ሰው ሥራውን ይለቃል፤ ችሎታ እንዳለውም በቅን ልቦና ያምናል።

በአሜሪካ ለምንኖረው ግብሩ ይጨመርበታል። በ2025 የወጣው ሕግ ከ2026 የግብር ዓመት ጀምሮ የቁማር ኪሳራ ተቀናሽ የሚሆነው እስከ 90 በመቶው ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። በዓመቱ 100,000 ዶላር ያሸነፈና 100,000 ዶላር የተሸነፈ ሰው ምንም ሳይተርፈው በ10,000 ዶላር ላይ ግብር ይጠየቃል። ብዙ ገንዘብ እያገላበጡ በቀጭን ትርፍ ለሚኖሩት ይህ ትርፉን ሙሉ በሙሉ ሊያጠፋው ይችላል።

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ አውቃለሁ። አንደኛው «ዛሬም የሚያተርፉ አሉ» የሚለው ነው። አዎ፣ አሉ። ነገር ግን ውሳኔ የሚመዘነው በአሸናፊው ታሪክ ሳይሆን አዲስ ገቢ በአማካይ በሚጠብቀው ዕጣ ነው። ሁለተኛው «ድርጅቶቹ በሰው ስም የሚጫወቱ ሮቦቶችን ይቆጣጠራሉ» የሚለው ነው። ይቆጣጠራሉ። ሆኖም ከስክሪኑ አጠገብ በሌላ መሣሪያ ስልት የሚያሰላን ሰው ማወቅ እጅግ ከባድ ነው። ደግሞም የድርጅቱ ጥቅም ከባለሙያው ጥቅም ጋር አንድ አይደለም፤ ፖከርስታርስ ከ2016 ጀምሮ ብዙ ለሚጫወቱት ይሰጥ የነበረውን ማበረታቻ ክፉኛ መቀነሱ ለዚህ ምስክር ነው።

ክልከላ ይደረግ አልልም፤ የሚከለከል ሰው ወደ ባሰ ገበያ ይሸሻልና። የምጠይቀው ግልጽነትን ነው። የአውሮፓ የፋይናንስ ገበያ ተቆጣጣሪ በ2018 በዋጋ ልዩነት ውርርድ የሚነግዱ ደላሎች ከደንበኞቻቸው ስንት በመቶው እንደሚከስር በማስታወቂያቸው ላይ እንዲጽፉ አስገድዷል። የፖከር ድርጅቶችም የእያንዳንዱን ደንበኛ ውጤት እስከ ሳንቲሙ ያውቃሉ። «የችሎታ ጨዋታ» በሚል ስም ከሎተሪ የተለየ ክብር የሚሹ ከሆነ ባለፈው ዓመት ከስንት ደንበኛ ስንቱ እንዳተረፈ ይናገሩ። በየአገራችን ለሕግ አውጪዎች የምንጽፍ፣ በምክክር የምንሳተፍ ሰዎች ይህን ብንጠይቅ ምላሹን እኛም ልጆቻችንም እናነበዋለን።

ለአክስቴ ልጅ ከገንዘብ ይልቅ አንድ የሒሳብ ሠንጠረዥ ላክሁለት፦ የድርጅቱ ድርሻ፣ ግብሩ፣ የሚያጣው ደመወዝ፣ የጤና መድኑና የጡረታ ቁጠባው። የራሱን ቁጥር እንዲሞላበት ለመንሁት። እስካሁን አልመለሰልኝም፤ እናቱ እንደነገረችኝ ተቀይሞኛል። ሥራውን ግን ገና አልለቀቀም።