ቤት ሲሸጥ ሮቶው የማን ነው?

የቤት ሽያጭ ውል በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝ። ሻጭና ገዢ በዋጋ ላይ ብዙ ይከራከራሉ። ስለ ካርታው፣ ስለ ስም ማዛወሪያው፣ ስለ ደላላው ኮሚሽን አንድ በአንድ ይነጋገራሉ። ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚወጣ ግን ማንም ሳያነሳው ይፈራረማሉ። ጠቡ የሚፈነዳው በርክክቡ ዕለት ነው።

በቅርቡ አንድ ባልና ሚስት አያት አካባቢ የገዙትን ቤት ሊረከቡ ሲሄዱ ሰርቪሱ ላይ የነበረው ሮቶ የለም። ፓምፑ ተነቅሎ የቧንቧው አፍ በፌስታል ታስሯል። ቦይለሩ የነበረበት ግድግዳ ላይ የቀረው የብሎን ቀዳዳ ብቻ ነው። ሻጩን ቢጠይቁት «የሸጥኩት ቤቱን ነው፤ ዕቃዬን መች ሸጥኩ?» አላቸው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶና ፓምፕ የተነቀለበት ቤት፣ ገዢው አይቶ የተስማማበት ቤት አይደለም።

ሕጉም ከሻጩ ጋር አይቆምም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1132 ሳይሰበር ወይም ሳይበላሽ ሊነጠል የማይችለውን፣ እንዲሁም በልማድ የቤቱ ክፍል ተደርጎ የሚታየውን ሁሉ የቤቱ አካል ያደርገዋል። በቁጥር 1133 መሠረት ዛፍም እስካልተቆረጠ ድረስ የመሬቱ አካል ነው። ቁጥር 1135 እና 1136 ደግሞ ባለቤቱ ለቤቱ አገልግሎት በቋሚነት የመደበው ዕቃ፣ አጠራጣሪ ሲሆን፣ ሽያጩን ተከትሎ እንደሚሄድ ይደነግጋሉ። ሮቶው፣ ፓምፑ፣ ግድግዳ ውስጥ የተሠራው ቁምሳጥን፣ የኪችኑ ካቢኔት፣ ሲንኩ፣ ሶኬቱ፣ በእኔ እምነት ሁሉም የቤቱ ናቸው። ሶፋ፣ አልጋ፣ ፍሪጅ፣ ምንጣፍና የእንጀራ ምጣድ የሻጩ ናቸው፤ ማንም ሊከለክለው አይችልም።

ሻጭ የሚሳሳለት ነገር ካለው አስቀድሞ ይናገር። አንዲት እናት ሟች ባለቤታቸው የተከሉትን ጽጌረዳ ትተው መሄድ አልሆነላቸውም ነበር። ከመፈረማቸው በፊት ለገዢው ነገሩት። ወጣቱም «እማማ፣ ነቅለው ይውሰዱት» አላቸው፤ ውሉ ላይ አንድ መስመር ጨመርን፤ ተመራርቀው ተለያዩ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሕጉ ለልማድ የሰጠው ቦታ ነው። ዛሬ ሮቶ ሲነቀል «ያለ ነው» ብለን ካለፍን፣ ነገ በርና መስኮት ሲነቀልም ልማድ ነው ሊባል ነው። አንድ ሮቶ ለማስመለስ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ገዢም ጥቂት ነው። ብዙው አዝኖ ሌላ ይገዛል፤ ነቃዩም ትክክል እንደሆነ ይቀራል።

የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም፤ ወረቀቱ እንደሆነ የግድ ይዘጋጃል። ስለዚህ ገዢዎች፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ከሻጩ ጋር ክፍል ለክፍል ዙሩ፤ የሚቀረውን ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ፣ ዝርዝሩን ከውሉ ጋር አያይዙ። ሻጮችም የምትወስዱትን በግልጽ አስጽፉ። ደላሎችና እኛ ውል ጸሐፊዎች ደግሞ «ምን ይቀራል? ምን ይወጣል?» ብለን ሳንጠይቅ ማንንም አናስፈርም።