የአንድ ዓመት የንግድ ፖድካስት እንደ ጥናት ማስረጃ

ናሽናል ፐብሊክ ሬዲዮ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ «ሀው አይ ቢልት ዚስ» የተሰኘውን ፖድካስት በመስከረም 2016 እ.ኤ.አ. ማሰራጨት ጀመረ። ጠያቂው ጋይ ራዝ፣ ተጠያቂዎቹም ስመ ጥር ድርጅቶችን የመሠረቱ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ዓመት ቃለ መጠይቆች በተከታታይ ላዳመጠ ሰው ታሪኮቹ ይለያያሉ፤ ቅርጻቸው ግን አንድ ነው፦ ጥቂት ገንዘብ፣ ብዙ እምቢታ፣ ለመዝጋት አንድ ሐሙስ የቀረው ድርጅት፣ ከዚያም ድል። ሣራ ብሌክሊ ስፓንክስን የጀመሩት ባጠራቀሙት 5,000 ዶላር ነው። የኤርቢኤንቢ መሥራቾች ደግሞ በ2008 በምርጫ ዕጩዎቹ ስም የሰየሙትን የቁርስ እህል አንዱን ካርቶን በ40 ዶላር እየሸጡ ሕይወታቸውን አቆይተዋል።

እንዲህ ያለው ትረካ ከንቱ አይደለም። የሳውዝዌስት አየር መንገዱ ኸርብ ኬለኸር ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1967 የተቋቋመው ኩባንያ ተፎካካሪዎቹ በመሠረቱት ክስ ተይዞ እስከ 1971 አልበረረም። ይህን ከፍርድ ቤት መዝገብ ማመሳከር ይቻላል፤ ተራኪው ቢያጋንን መዝገቡ ያርመዋል። ከከሳሾቹ አንዱ የነበረው ብራኒፍ በ1982 ከስሮ በረራ አቆመ። የብራኒፍ ሰዎች ከኬለኸር ያነሰ ደፋር ወይም ታታሪ ስለመሆናቸው ፖድካስቱ የሚነግረን ነገር የለም፤ ማይክሮፎኑ የተዘረጋው ላሸነፈው ብቻ ነውና።

ጀርከር ደንሬል በ2003 ኦርጋናይዜሽን ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያሳየው ይህንኑ ነው። ያለውን ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ ማዋል አንዱን ያከብራል፣ ብዙውን ያከስራል። የከሰሩት ከናሙናው ሲወጡ ግን አደገኛው አካሄድ የስኬት ምስጢር መስሎ ይታያል። ራዝ በየቃለ መጠይቁ መጨረሻ ስኬቱ ከዕድል ነው ወይስ ከጥረት ብሎ መጠየቁ ያስመሰግነዋል። ሆኖም የተሳካለት ሰው «ዕድልም ነበረበት» ቢል ትሕትና ነው፤ መለኪያ አይሆንም።

በአዲስ አበባ የሥራ ፈጠራን የሚያጠና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ እነዚህን ቅጂዎች በመረጃነት ለመጠቀም ቢፈተን አይፈረድበትም፤ በነጻ ይገኛሉ፣ ለመስክ ሥራ የሚተርፍ ገንዘብ ደግሞ የለም። መሥራቾች ያለፉበትን እንዴት እንደሚተርኩ ለማጥናት ከሆነ ይበቁታል። ድርጅቶች ለምን እንደሚሳካላቸው ለማስረዳት ከሆነ ግን አማካሪው ገና በንድፈ ጥናቱ ደረጃ ሊያስቆመው ይገባል። የንግድ ፈቃዱን የመለሰ ነጋዴም በንግድ ጽሕፈት ቤት ፋይል አለው። እርሱን ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው፤ ስልኩን ቀይሮ ይሆናል፣ ቢገኝም ስለ ኪሳራው ለመናገር ያፍር ይሆናል። ቢሆንም አሥር ባለድሎችን ከመገልበጥ አምስቱን ትቶ በምትካቸው አምስት የከሰሩትን መፈለግ ይሻላል፤ የራዝን የመጨረሻ ጥያቄም ለሁለቱም ወገን በአንድ ቃል ማቅረብ።