ማሞቂያው ሲቀዘቅዝ ሞተሩ ይጠየቅ

የመኪና ማሞቂያ በብዙ አሽከርካሪዎች ዘንድ እንደ ምቾት ዕቃ ስለሚቆጠር፣ ሙቅ አየር መስጠት ባቆመ ጊዜ ጥገናው ለሌላ ቀን ይተላለፋል፤ ቀን ቀን ፀሐይ በሚበረታበት እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ ደግሞ ጉዳዩ ለወራት ሳይነሣ ሊቆይ ይችላል። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባዋል። ማሞቂያው የራሱ እሳት የሌለው፣ ሙቀቱን ሁሉ ከሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ የሚበደር ክፍል ስለሆነ፣ መቀዝቀዙ ከተሳፋሪው ብርድ ይልቅ የሞተሩን ጤና የሚመለከት ምልክት የሚሆንበት ጊዜ ይበዛል።

በነዳጅ የሚሠራ ሞተር ካቃጠለው ነዳጅ ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው በግምት አንድ ሦስተኛውን ሲሆን፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ ከፊሉ በጭስ ማውጫው፣ ከፊሉም በሞተሩ ውስጥ በሚዘዋወረው ውሃ በኩል ይወጣል። ውሃውን የሚገፋው የውሃ ፓምፕ ነው። ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው ደግሞ ቴርሞስታት ይባላል፤ ይህም በውስጡ ያለው ሰም ሲሞቅ እየሰፋ በር የሚከፍት ትንሽ መሣሪያ ሲሆን፣ በብዙ መኪኖች ላይ መከፈት የሚጀምረው ከ82 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ነው። ከሙቁ ውሃ የተወሰነው በሁለት የጎማ ቱቦዎች ከዳሽቦርዱ ጀርባ ወደተቀመጠ ትንሽ የማሞቂያ ራዲያተር ይሄዳል፤ የአየር ማራገቢያው በዚህ ራዲያተር ላይ የሚያሳልፈው አየርም ሞቆ ወደ ተሳፋሪው ይደርሳል።

ከዚህ አሠራር እንደሚታየው ጉድለቱ የሚፈለገው በሁለት ወገን፣ ማለትም በአየሩ ወይም በውሃው በኩል ነው። ነፋሱ ጭራሽ የማይመጣ ከሆነ ውሃውን መመርመር ሳያስፈልግ ፊውዙን፣ የማራገቢያውን ሞተርና የመኪናውን ውስጣዊ የአየር ማጣሪያ ማየት ይበቃል። ማራገቢያው በከፍተኛው ፍጥነት ብቻ እየሠራ በዝቅተኛዎቹ ከተኛ፣ የተበላሸው ብዙ ጊዜ ፍጥነቱን የሚቀንሰው ሬዚስተር ነው። ነፋሱ እየመጣ ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ዓይን ወደ ሙቀት መለኪያው መዞር አለበት። መኪናው ረጅም መንገድ ተጉዞም ጠቋሚው ከታች ከቀረ፣ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ደርቋል፣ ወይም ከነአካቴው ተነቅሏል ማለት ነው።

ጠቋሚው በልኩ ቆሞ ነፋሱ ሲቀዘቅዝ የሚደረገው ምርመራ መሣሪያ እንኳ አይጠይቅም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ወደ ማሞቂያው የሚገቡት ሁለቱ ቱቦዎች፣ ከቺንጊያና ከሚሽከረከር ነገር ሁሉ በመራቅ፣ በጥንቃቄ በእጅ ይነካሉ። ሁለቱም የሚያቃጥሉ ከሆነ ውሃው ሥራውን እየሠራ ነው፤ ጉድለቱ የሚገኘውም ቀዝቃዛውንና ሙቁን አየር በምታቀላቅለው፣ ከዳሽቦርዱ ውስጥ ባለችው ትንሽ በር ወይም እርሷን በሚያንቀሳቅሰው ሽቦ ወይም ሞተር ላይ ነው። አንዱ ሙቅ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ የማሞቂያው ራዲያተር ተደፍኗል፣ ወይም በአንዳንድ መኪኖች ላይ ያለው የውሃ መክፈቻ አልተከፈተም። ሁለቱም ከቀዘቀዙ ደግሞ ውሃው ወደዚያ አልደረሰም፤ ለዚህ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የውሃው መጉደል ነው። ማሞቂያው ሞተሩ ሲጮህ ሞቆ መብራት ላይ ሲቆም የሚቀዘቅዝ ከሆነም፣ ውሃው ጎድሏል፣ በቱቦዎቹ ውስጥ አየር ታምቋል፣ ወይም ፓምፑ ደክሟል።

የጎደለውን ውሃ መሙላት ግን መፍትሔ የሚሆነው የት እንደሄደ ሲታወቅ ብቻ ነው። በተሳፋሪው እግር ሥር የረጠበ ምንጣፍ፣ ጣፋጭ ሽታና መስተዋት ላይ የሚጋገር ቅባት መሰል ጉም የማሞቂያው ራዲያተር ማፍሰሱን ያመለክታሉ። ከጭስ ማውጫው የማያቋርጥ ነጭ እንፋሎት ሲወጣና ውሃው በውጭ ሳይፈስ ሲጎድል የሚጠረጠረው የቴስታታው ጋርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ ነው። ይህ ማሸጊያ ሲበላሽ የሚጠይቀው ወጪ ከማሞቂያ ጥገና ጋር አይወዳደርም፤ የቀዘቀዘው ነፋስ በጊዜው ቢጠየቅ ኖሮ ብዙው ወጪ ይቀር ነበር።

በኢትዮጵያ ለዚህ ችግር መስፋፋት ትልቅ ድርሻ ያላቸው ሁለት ልማዶች አሉ። የመጀመሪያው ሞተር እንዳይፈላ በሚል ቴርሞስታትን ነቅሎ መጣል ነው። ለዚህ አሠራር የሚቀርበው ክርክር፣ አገሩ ሞቃት፣ ዳገቱም ረጅም ስለሆነ ውሃው ያለ ከልካይ ወደ ራዲያተር መሄድ አለበት የሚል ሲሆን፣ የዓባይን በረሃ ወይም ጣርማ በርን ጭነት ይዞ ለሚወጣ ሹፌር ሥጋቱ መሠረት አለው። መፍትሔው ግን የተሳሳተ ነው። ቴርሞስታት በብዙ ሞተሮች ላይ ሲከፈት የራዲያተሩን መንገድ ከመክፈቱም በላይ ውሃውን ወደ ሞተሩ በአቋራጭ የሚመልሰውን መንገድ ይዘጋል፤ ስለዚህ ሲነቀል ከፊሉ ሙቅ ውሃ በራዲያተር ሳያልፍ ይመለሳል፣ የተፈራው መፍላትም ሊብስ ይችላል። በደጋው ብርድ ደግሞ ሞተሩ ወደ ተገቢው ሙቀት ሳይደርስ ስለሚሠራ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ይወፍራል፣ ማሞቂያውም ይቀዘቅዛል።

ሁለተኛው ልማድ ራዲያተርን በቧንቧ ውሃ መሙላት ነው። ኩላንት የሚባለው ፈሳሽ በረዶን ብቻ የሚከላከል ስለሚመስል፣ የሚያስፈልገው ክረምቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚወርድበት በሚኒሶታ ለሚያሽከረክረው ኢትዮጵያዊ እንጂ ለአዲስ አበባው አይደለም ተብሎ ይታሰባል። ከውሃ ጋር እኩል በእኩል የተቀላቀለ ኩላንት እስከ 37 ዲግሪ ገደማ ከዜሮ በታች አለመርጋቱ እውነት ቢሆንም፣ ለደጋው አገር ዋናው ጥቅሙ ዝገትን መከላከሉና የመፍያ ነጥብን ከፍ ማድረጉ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የሞተሩ ውሃ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ ነው። ስለዚህ የላላ ክዳን ከቆላው ይልቅ በደጋው የከፋ ጉዳት አለው፤ ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን የሚከፍት ሰውም ፊቱን ለሚፈነዳ እንፋሎት ይሰጣል። ከቧንቧ ውሃ የሚቀረው ድንጋይ መሰል ዝቃጭና ዝገት ደግሞ መተላለፊያዎቹ ጠባብ የሆኑትን የማሞቂያ ራዲያተር ቀድሞ ይደፍናል፤ ማሞቂያው ከትልቁ ራዲያተር በፊት የሚበላሸውም ለዚህ ነው። ኩላንት ግን ጣፋጭ ጣዕም ያለው መርዝ ስለሆነ ልጆችና እንስሳት ከሚደርሱበት መራቅ አለበት።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ እየበዙ ባሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ይህ ሁሉ መልኩን ይለውጣል። የሚባክነው የሞተር ሙቀታቸው ጥቂት ስለሆነ ተሳፋሪውን የሚያሞቁት ከባትሪው በሚወስዱት ኃይል ነው፤ ማሞቂያው በበራ ቁጥር መኪናው በአንድ ሙሌት የሚሄደው ርቀት ያጥራል። የማሞቂያቸው ብርቱካናማ ሽቦዎች ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚሸከሙም፣ በእጅ እየነኩ መመርመር በእነርሱ ላይ አይሠራም፤ ሥራው ለሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ሊተው ይገባል።

በነዳጅ መኪና ላይ ግን ማንኛውም አሽከርካሪ ሊያውቃት የምትገባ አንዲት ሕግ አለች። ዳገት ላይ ሞተሩ መጋል ሲጀምር ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው መክፈት የተወሰነውን ሙቀት ስለሚቀንስ፣ ማሞቂያው በችግር ጊዜ እንደ ሁለተኛ ራዲያተር ያገለግላል። ጠቋሚው ወደ ላይ እየወጣ ከማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር የሚመጣ ከሆነ ግን ውሃው አልቋል ወይም መዘዋወሩን አቁሟል ማለት ስለሆነ፣ መኪናው ወዲያው ቆሞ ሞተሩ መጥፋት አለበት። የሙቀት ጠቋሚው ዳሳሽ ከውሃ ውጭ ሲቀር መለኪያው ራሱ ሊያታልል ስለሚችል፣ የማሞቂያው ነፋስ በዚያች ሰዓት ከመለኪያው ይልቅ ሊታመን ይችላል። ይህች ሕግ በመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎች ትምህርት ውስጥ ልትገባ ይገባታል፤ ጋራዦችም ቴርሞስታት ነቅለው መኪና ማስረከብን እንደ ጥገና ሳይሆን እንደ ጉድለት ሊቆጥሩት ይገባል።