ተባይ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም!



በሰፈራችን ተባይን በየሳምንቱ ከየቤቱ የማጥፋት ሥራ እንዲጀመር ሐሳብ ስናቀርብ፣ «የቤቴን ቁንጫ ማኅበሩ ምን አገባው?» ያሉ አባሎች አሉ። ሌሎቹም «ደጋ ነው፣ ብርድ ነው፣ ቅማል ድሮም ያለ ነው» ብለው በሳቅ አለፉት። የሚያሳስብ እንጂ የሚያስቅ ነገር ስላልሆነ በዚህ ሰሌዳ መልስ ለመስጠት ተገደናል።

በመጀመሪያ ስለ ብርዱ። ጓሳ ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ አገር መሆኑን ማንም አይክድም። ግን ብርዱ ቅማልን አይገድላትም፤ እኛው ነን የምናሞቃት። በልብስ ላይ ልብስ እንደርባለን፤ በርኖሱን ለብሰን እንውላለን፤ ሌሊት ከነልጆቻችን በአንድ ባና እንጠቀለላለን። የልብስ ቅማል መኖሪያዋ ገላ ሳይሆን የልብስ ስፌት ነው፤ ወደ ገላ የምትመጣው ለመብል ብቻ ነው። አንዲቷ በቀን እስከ 10 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በሳምንት ገደማ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም በሌላ አንድ ሳምንት ከምናምን አድጎ እሱም በተራው ይጥላል። ታዲያ በወር አንዴ፣ ለዓመት በዓል ሲሆን ብቻ ልብስ ማጠብ ምን ይባላል? ማርባት ነው እንጂ! በየሳምንቱ የምንለውም ለዚሁ ነው። የተፈለፈለው አድጎ እንቁላል ሳይጥል እንድረስበት ብለን ነው።

ሁለተኛ፣ ቅማል ማሳከክ ብቻ ሳይሆን ትገድላለች። በቅማል የሚመጣውን ተስቦ (ታይፈስ) ከሰው ወደ ሰው የምታጓጉዘው የልብስ ቅማል መሆኗን ሻርል ኒኮል የተባለው ሐኪም በቱኒስ ከተማ ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። ግርሻ ትኩሳትም የሚመጣው በቅማል ነው። በሽተኛው ተሻለኝ ብሎ ሲነሳ ከቀናት በኋላ ይመለስበታል። ካልታከመ ከ10 ሰው ከ1 እስከ 4 ይገድላል። አገራችን ይህ በሽታ እስከ ዛሬ ካልጠፋባቸው ጥቂት የዓለም ቦታዎች አንዷ ናት። በ1983 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲያበቃ ወታደሮች ተጨናንቀው በተያዙባቸው ካምፖች ተነስቶ ብዙ ሰው ፈጅቷል።

ሁላችንም የምናደርጋት አንዲት ነገር አለች፤ ቅማል በጥፍር መደፍጠጥ። የግርሻ ተሐዋስ ያለው ቅማሏ ሰውነት ውስጥ ነው። ስትደፈጠጥ ይፈስና በታከከ ቁስል ይገባል። ስለዚህ በጥፍር መግደል ይቅር! ትኩሳት የያዘውም ሰው ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ መድኃኒቱ ሲጀመር በሽተኛው ሊንቀጠቀጥና ሊደክም ስለሚችል ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ከገበያ ኪኒን ገዝቶ መዋጥ አይሆንም።

«የቤቴን ቁንጫ» ላሉት ደግሞ ይህን እንላለን። ቅማል የተኮሰውን ሰው ገላ አትወድም፤ ጥላ አጠገቡ ወዳለው ጤነኛ ትሻገራለች። በለቅሶ ቤት ትከሻ ለትከሻ እንቀመጣለን፤ በዝክር በአንድ መደብ እንደረደራለን፤ ልጆቻችን በትምህርት ቤት በአንድ ወንበር ይጣበባሉ። አሥር ቤት አጥቦ አንድ ቤት ቢቀር፣ ያ አንዱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለአሥሩ መልሶ ያድላል። ታዲያ ማኅበሩን አያገባውም?

ሦስተኛ፣ «ዱቄት መድኃኒት ነስንሰን እንገላገል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1943 እና 44 ክረምት በኢጣሊያ ናፖሊ ከተማ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ዲዲቲ ተነስንሶበት የተስቦው ወረርሽኝ ቆመ። ግን ብዙም ሳይቆይ ቃኘው ሻለቃ በዘመተበት በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ቅማሉ ዲዲቲውን ለምዶት አልሞት አለ። መርዝ ይለመዳል፤ የፈላ ውኃ ግን አይለመድም። ይልቁንም ለእህል ነቀዝ የሚሸጠውን እንክብል ሰው በሚተኛበት ቤት የሚያስቀምጥ ሰው፣ ከእንክብሉ የሚወጣው ጋዝ ሌሊቱን ቤተሰቡን ሊጨርስበት እንደሚችል ይወቅ።

የአይጥ መርዝም እንዲሁ ነው። የበላችው አይጥ እዚያው አትቀርም፤ ወጥታ ሜዳ ላይ ትወድቃለች፤ ውሻው፣ ድመቷ፣ ጭልፊቱ ይበላታል። በጓሳችን ያለው ቀይ ቀበሮ ምግቡ አይጥ ነው፤ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም። ያለ ደመወዝ አይጥ የሚለቅምልንን አውሬ መግደል ምን ይሉታል? የጎታውን አፍ መክደን፣ የግድግዳውን ቀዳዳ መድፈን፣ ፍርፋሪ አለማሳደር፣ ድመት ማኖር ይበልጣል።

ስለሆነም በየሳምንቱ ሐሙስ፣ በዓል ከዋለበት በማግስቱ፣ ሁሉም ቤት በአንድ ቀን እንዲህ ያድርግ፦

የውስጥ ልብስና አንሶላ ይቀቀል። በእኛ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቅማሉንም እንቁላሉንም ለመግደል 60 ይበቃል። ባናና በርኖስ ስለሚጨማደድ አይቀቀል፤ ስፌቱ በጋለ ካውያ ይተኮስ፤ ሁለት ያለው አንዱን ሁለት ሳምንት ሳይለብስ ያቆየው።

ወለሉ ውኃ ተረጭቶ እስከ ጥጋጥጉ ይጠረግ፤ ይለቅለቅ። የቁንጫ እንቁላል ያለው አቧራው ውስጥ ነው። በጎች የሚያድሩበት ከመኝታ ይለይ።

በአልጋና በመደብ ስንጥቅ የፈላ ውኃ ይፍሰስ። ትኋን ሳትበላ ወራት ስለምትቆይ ቤት ዘግቶ መሄድ አያጠፋትም።

«ሳሙና ከየት?» ለሚለው፣ የሚገድለው ሙቀቱ እንጂ ሳሙናው አይደለም። «እንጨትና ውኃስ?» የሚለው ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው። ሸክሙን ለሴቶች ብቻ ጥሎ «ንጽሕና ይጠበቅ» ማለት ቧልት ነው። የሐሙሱን ውኃና እንጨት ወንዶች ያምጡ! ለአቅመ ደካማና ለብቸኛ አረጋውያን ደግሞ ጎረቤት ተራ ገብቶ ያጥብላቸው።

አባቶቻችን በቄሮ ሥርዓት ጓሳን ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ አብረው ከፍተው፣ አብረው አጭደው ቤታቸውን ከድነዋል። አንዱ ብቻውን ቢገባ ኖሮ ሣሩ ባልተረፈ ነበር። ያንን ሁሉ ሜዳ በኅብረት የጠበቀ ሕዝብ ልጆች በሳምንት አንድ ቀን ልብስ መቀቀል እንዴት ያቅተናል?

የፊታችን ሐሙስ ሁሉም ቤት ይጀምር!

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት