የቆርቆሮ ክዳን፣ የማገዶ ወጪና የገበሬው ቤት አተነፋፈስ

በኢትዮጵያ ገጠር የሣር ክዳን ቤት በቆርቆሮ ክዳን ቤት እየተተካ መሄዱ በዐይን የሚታይ ለውጥ ነው። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት በአንድ መንደር የቆርቆሮ ቤት ቢቈጠር ከትምህርት ቤቱ፣ ከጤና ጣቢያው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ከመስጊዱና ከጥቂት ባለ ሀብቶች ቤት አያልፍም ነበር። ዛሬ በአያሌ አካባቢዎች ቈጥሮ የሚጨረሰው የሣር ክዳኑ ነው። ለውጡም በየስብሰባውና በየዘገባው የኑሮ መሻሻል ምልክት ሆኖ ይጠቀሳል። አባባሉ ትክክል ነው። ይሁንና ክዳኑ ሲለወጥ የቤቱ ባሕርይም አብሮ ይለወጣል። ይህ የባሕርይ ለውጥ በማገዶ፣ በከብት እበትና በቤተ ሰብ ጤና ላይ የሚያስከትለው ወጪ ግን ገና በቅጡ ያልተጤነ ጉዳይ ነው። ጉዳዩ የእያንዳንዱ አባወራ ቢመስልም፣ ዛሬም በብዙ ስፍራ ሕዝቡ «ገበሬ ማኅበር» እያለ በሚጠራው የገጠር ቀበሌ ደረጃ ካልታየ መፍትሔ አያገኝም።

ገበሬው ወደ ቆርቆሮ የዞረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሣር በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት፤ እሳት ይፈራል፤ ካረጀ ያፈሳል። ከሁሉ በላይ ግን የክዳን ሣር ጠፍቷል። የግጦሽ መሬት እየታረሰ ሲሄድ ለክዳን የሚሆን ረጅም ሣር የሚበቅልበት ቦታ ጠበበ። በሰሜን ሸዋ በመንዝ የሚገኘው የጓሳ መሬት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍታ በሚጀምረው በዚህ ስፍራ የሚበቅለው የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ተፈላጊ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት «ቄሮ» በሚባለው ነባር ሥርዓት መሬቱ ለተከታታይ ዓመታት ተዘግቶ ሲጠበቅ ይቈይና ሣሩ ሲደርስ በጋራ ውሳኔ ይታጨድ ነበር። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ከወጣ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ። ከዓመታት በኋላ ነዋሪዎቹ በመተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሰው በማቋቋማቸው ጓሳ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለ ጥብቅ ሣር የሌለው አካባቢ ግን እጅግ ይበዛል። በዚያ ያለው ገበሬ ወደ ሣር ክዳን እንዲመለስ መምከር ከንቱ ድካም ነው። ጥያቄው የቆርቆሮው ቤት እንዴት ይሻሻል የሚለው ነው።

ክዳኑ ሲለወጥ ምን ይለወጣል?

ጋቢ የሚያሞቀው በራሱ ሙቀት ኖሮት አይደለም። በድርቡና በክሩ መካከል የቆመ አየር ስለሚይዝ የሰውነት ሙቀት በቶሎ እንዳያመልጥ ያግዳል። የሣር ክዳንም ሥራው ይኸው ነው። አንድ ስንዝርና ከዚያ በላይ ወፍራም ሆኖ የተከመረው ደረቅ ሣር በውስጡ አየር ስለሚይዝ በሌሊት የቤቱን ሙቀት ያቈያል፤ ቀን የፀሐዩን ሐሩር ይመክታል። ቆርቆሮ ግን ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማያልፍ ብረት ነው። ብረት ደግሞ ሙቀትን የማሳለፍ ባሕርዩ ከደረቅ ሣር ጋር ሲነጻጸር በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፤ ማታ ፀሐይ እንደ ገባች ሙቀቱን ለሰማይ አስረክቦ ይቀዘቅዛል። እንደ ሁመራና መተማ ባሉ ቈላማ ስፍራዎች የሚያስቸግረው የቀኑ ሐሩር ነው። እንደ ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳና ደባርቅ ባሉ ደጋማ አካባቢዎች ደግሞ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ በሚወርድበት ወራት የሌሊቱ ብርድ ይከፋል።

ሁለተኛው ለውጥ ርጥበት ነው። ከሰው ትንፋሽ፣ ከሚፈላው ድስትና ከርጥብ እንጨት የሚወጣው እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ውኃ ይሆናል። ጠዋት ጠዋት ከጣራው የሚንጠባጠበው፣ ከጥላሸት ጋር ተቀላቅሎ ግድግዳውን የሚያጠቁረው ውኃ ከዝናብ የመጣ ሳይሆን ከቤቱ ከራሱ የወጣ ነው። ይህ ጠብታ ወራጁንና ማገሩን ያበሰብሳል። በጎታ አፍ ላይ ሲያርፍም እህሉን ያሻግታል።

ሦስተኛው ጭስ ነው። የሣር ክዳን ጭሱን ቀስ በቀስ በራሱ ውስጥ ያሳልፋል፤ ጭሱም ሣሩን እያደረቀ ከተባይ ይጠብቀዋል። ቆርቆሮ ጭስ አያሳልፍም። በግድግዳውና በክዳኑ መካከል ክፍተት ካልተተወ ጭሱ ተመልሶ በቤተ ሰቡ ላይ ይወርዳል። ክፍተት ከተተወ ደግሞ ሙቀቱ ከጭሱ ጋር ይወጣል። በቆርቆሮው ቤት ውስጥ ብርድና ጭስ እንዲህ ተያይዘው የሚኖሩ ሁለት ችግሮች ናቸው።

ወጪውን የሚከፍለው ማን ነው?

በኢትዮጵያ ከዐሥር ቤተ ሰብ ዘጠኙ ያህል የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰለው ነው። ማገዶው በዋነኛነት የሚነደው ለእንጀራና ለወጥ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን በደጋው ምሽት እራት ከተበላ በኋላም እሳቱ እንዲቈይ የሚጨመረው ግንድና ኩበት ቀላል አይደለም። ይህ ወጪ በገንዘብ ስለማይከፈል በሒሳብ አይገባም። የሚከፈለው በእናቶችና በልጃገረዶች ጀርባ፣ ከትምህርት በሚቀሩ ሰዓቶችና በማሳው ለምነት ነው። እንጨት በጠፋበት ደጋ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ በእበቱ ውስጥ የነበረው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይበናል። ገበሬው ምሽቱን ለማሞቅ ያቃጠለውን የመሬት ምግብ በክረምት መግቢያ በማዳበሪያ መልክ በገንዘብ መልሶ ይገዛዋል ማለት ነው።

የጤናውም ዋጋ ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ በቤት ውስጥ በሚፈጠር የአየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከእነዚህም ከ237,000 የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። የሳንባ ምችና ሥር የሰደደ የመተንፈሻ አካል በሽታ ከምድጃው አጠገብ የሚውሉትን ሴቶችና በእናታቸው ጀርባ ያሉትን ሕፃናት ቀድመው ያገኛሉ።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ማድ ቤቱ ከመኖሪያው እንዲለይ፣ ከብቱም ከሰው ተለይቶ እንዲያድር ሲመክር ቈይቷል። ምክሩ በብዙ ቤት በጆሮ ተሰምቶ በተግባር የቀረበት ምክንያት ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ «የግንዛቤ ማነስ» ይባላል። በደጋው ግን መልሱ ከዚህ የቀለለ ነው። ሰው ይበርደዋል። እሳቱና ከብቱ የቤቱ ማሞቂያዎች ናቸው። ክዳኑ ሙቀት በማይይዝ ቤት ውስጥ ምድጃውን አውጣ፣ በሬውንም አውጣ ማለት ሕፃናቱን በብርድ አሳድር ማለት ይሆናል። ስለዚህ የኮርኒሱ ጉዳይና የማድ ቤቱ ጉዳይ አንድ እንጂ ሁለት አይደሉም። አንዱ ተነጥሎ ሲታዘዝ ሌላው ያፈርሰዋል።

በየትኛው ቅደም ተከተል ይሠራ?

ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ማሻሻያው ራሱ ጉዳት ያመጣል። መሠረታዊው ደንብ፣ ጭሱ መውጫ ሳያገኝ የግድግዳው ቀዳዳ አይደፈን የሚል ነው። እሳት ከውስጥ እየነደደ ቀዳዳ መድፈን ቤቱን ያሞቀ ቢመስልም ቤተ ሰቡን በጭስ ያፍናል። ከሰል በተዘጋ ቤት አስገብቶ መተኛት ደግሞ ሽታ በሌለው መርዘኛ ጋዝ ስለሚገድል ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት።

ስለሆነም የመጀመሪያው ሥራ እሳቱን ማውጣት ነው። ከመኖሪያው አጠገብ፣ ነፋስ ጭሱን ወደ ቤቱ በማይመልስበት በኩል፣ ከጣራው ሥር ሰፊ የጭስ መውጫ ያለው ማድ ቤት ይሠራል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተሠራውና ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚቀረጸው «ምርጥ ምድጃ» ለእንጀራ መጋገሪያ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር በሙከራ እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቈጥባል። ከማገዶ ቊጠባው ትልቁ ድርሻ የሚገኘው ከዚህ ስለሆነ ኮርኒሱ የምድጃውን ቦታ ይተካል ተብሎ መታሰብ የለበትም።

ሁለተኛው ሥራ ኮርኒሱ ነው። ቀርከሃ በሚገኝበት በተሰነጠቀ ቀርከሃ፣ በሌላው ስፍራ በሸምበቆ ወይም በቀጫጭን የባሕር ዛፍ እንጨት ርብራብ ተሠርቶ ከሥሩ በጭድ በቦካ ጭቃ በስሱ ይለሰናል። በላዩም ደረቅ ገለባ ወይም ጭድ አንድ ስንዝር ያህል ይነጠፋል። ርብራቡ ክብደቱን መቻሉ አስቀድሞ መታየት አለበት። ዐቅም ያነሰው ቤተ ሰብ የተሰፋ የማዳበሪያ ከረጢት ወይም አቡጀዲ ቢወጥርም ከምንም ይሻላል። ነገር ግን የላስቲክ ነገር በቶሎ ስለሚቀጣጠል እሳት ወይም ኩራዝ ባለበት በላይ አይወጠርም። የፀሐይ ኀይል መብራት ያለው ቤትም ሽቦውን ከጭዱ ሥር መቅበር የለበትም።

ሦስተኛው ሥራ ብዙዎች የሚዘነጉት ነው። ከኮርኒሱ በላይ፣ በቆርቆሮውና በገለባው መካከል ያለው ባዶ ቦታ መተንፈስ አለበት። የረጠበ ጋቢ እንደማያሞቅ ሁሉ የረጠበ ጭድም አያሞቅም፤ ይልቁንም ይበሰብሳል። በመሆኑም በጣራው ሁለት ግንባሮች፣ ፊት ለፊት በሚተያዩበት በኩል፣ የአየር መግቢያና መውጫ ይተዋል። ዝናብ እንዳይገባ ከላዩ መከለያ፣ አይጥና ወፍ እንዳይገባ የሽቦ ወንፊት ይደረግለታል። በዚህ መንገድ የሚሻገረው ነፋስ በሌሊት ርጥበቱን ጠርጎ ያወጣል፤ ቀን ደግሞ ከቆርቆሮው ሥር የሚጠራቀመውን ሐሩር ይገፋል። በቈላውም ሆነ በደጋው ሥራው አንድ ነው። አይጥ መደበቂያ እንዳያደርገው ግን ገብቶ ማየት የሚያስችል ጠባብ መውጫ በኮርኒሱ ላይ መተው ይገባል።

በመጨረሻ፣ እሳቱ ከወጣና ኮርኒሱ ካለቀ በኋላ፣ ከኮርኒስ በታች ያለው የግድግዳ ስንጥቅ በጭቃ ይመረጋል፤ የበሩና የመስኮቱ ዳር ይጠበቃል። መስኮቱ ግን በየጠዋቱ መከፈቱ አይቀርም። በአጭሩ፣ ከኮርኒስ በላይ ያለው ይተንፍስ፤ ከኮርኒስ በታች ያለው ይጠበቅ።

የማኅበሩ ድርሻ

የአንድ ቤት ቊጠባ ትንሽ መስሎ ይታያል። 600 አባወራ ያሉበት አንድ ማኅበር ቢታሰብና እያንዳንዱ ቤት በቀን 2 ኪሎ ግራም እንጨት ብቻ ቢያተርፍ፣ ማኅበሩ በቀን 1,200 ኪሎ፣ በዓመት 4,380 ኩንታል ያተርፋል። ይህ ከተራራው ያልተቈረጠ ዛፍ፣ ወደ ማሳው የተመለሰ እበት፣ ከጀርባ የወረደ ሸክም ነው።

የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. መመረቁ ለገጠሩም ተስፋ የሚሰጥ ነው። ይሁንና የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ኀይል ስለሚፈልግ፣ መስመሩ እስኪደርስና ዐቅሙ እስኪገኝ ድረስ የገጠሩ እናት ምድጃ በማገዶ መንደዱ አይቀርም። መስመሩ ሲደርስም ሙቀት የማይይዝ ቤት ወጪውን ከማገዶ ወደ ቈጣሪ ያዛውረው እንደ ሆነ እንጂ አያስቀረውም።

የማኅበር መሪዎች ይህን ሥራ ሲጀምሩ አስቀድሞ በጠቅላላ ስብሰባ ሴቶች በሙሉ ድምፅ እንዲወያዩበት ማድረግ አለባቸው። የምድጃው ቦታ፣ የጭሱ መውጫና የማገዶው መጠን በእነርሱ እጅ ያለ ዕውቀት ነውና። ከዚያም በየጎጡ አንድ ቤት ለአርአያነት ተመርጦ በደቦ ቢሠራ፣ ከአንድ ክረምትና ከአንድ የውርጭ ወራት በኋላ ጎረቤት ሁሉ ገብቶ ያየዋል። አዲስ ቤት ለመሥራት የሚነሣ አባል የቆርቆሮውን ዋጋ ሲያሰላ የኮርኒሱንና የማድ ቤቱንም አብሮ እንዲያሰላ ማሳሰብ፣ የአካባቢውን አናጢዎች በሥራው ማሠልጠን፣ ለአቅመ ደካሞችና ለአረጋውያን ጉልበት ማዋጣት ከማኅበሩ ዐቅም በላይ የሆኑ ነገሮች አይደሉም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው።

እስከ ዛሬ በየዘገባው የሚቈጠረው የቆርቆሮ ክዳን ብዛት ነበር። ከእንግዲህ ከክዳኑ ጎን እሳቱ ከመኖሪያው የወጣለት፣ ኮርኒስ የገባለትና ጣራው የሚተነፍስ ቤት ስንት ነው ተብሎ ሊቈጠር ይገባል። ክዳን ከዝናብ ያስጥላል፤ ቤተ ሰቡን ከብርድና ከጭስ የሚያድነው ግን ከክዳኑ ሥር የሚሠራው ሥራ ነው።