«ጥንቃቄ ይደረግ» ማስጠንቀቂያ አይደለም

ክረምት በገባ ቁጥር የምንሰማው መግለጫ ይዘቱ አንድ ነው፦ ዝናቡ ይበረታል፣ ኅብረተሰቡ አስፈላጊውን ጥንቃቄ ያድርግ። የት? መቼ? ምን ዓይነት ጥንቃቄ? መልስ የለውም። ይህን ጥያቄ ይዘን ዛሬ ወደ አልፕስ ተራሮች እንሂድ። እዚያ በየዓመቱ የበረዶ ናዳ ሰው ይገድላል፤ ማስጠንቀቂያቸው ግን ከእኛ ይለያል።

መጀመሪያ ስለ ናዳው። ተራራ ላይ የሚከመር በረዶ ወጥ አይደለም፤ በተለያየ ቀን የጣለው እየተነባበረ ይቀመጣል። ስስ ሆኖ የከረመው የታችኛው ንብርብር በብርዱ ብዛት እንደ ስኳር ይላላል፣ እርስ በርሱ አይያያዝም። በላዩ አዲስ በረዶ ወርዶ ንፋስ ሲጠቀጥቀው እንደ ሰሌዳ ይጠነክራል። ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘቀዝቅ ቁልቁለት ላይ አንድ ሰው በሸርተቴ ሲያልፍ ክብደቱ ደካማውን ንብርብር ይሰብረዋል፤ ሰሌዳው ተገንጥሎ ይወርዳል። ለመዝናናት ወጥተው ከሚሞቱት አብዛኞቹን የሚገድለው እነሱ ራሳቸው ወይም ጓደኞቻቸው የቀሰቀሱት ናዳ ነው።

ስለዚህ በስዊዘርላንድ ዳቮስ የሚገኘው የበረዶና የናዳ ምርምር ተቋም በክረምት በየቀኑ መግለጫ ያወጣል። አደጋውን ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠዋል። በዚያ አያበቃም፤ ከየትኛው ከፍታ በላይ፣ ወደየት አቅጣጫ ባዘቀዘቀ ቁልቁለት፣ የትኛው ንብርብር እንደሚያሰጋ ይናገራል። አንባቢው የዛሬ መንገዱን ከመግለጫው ጋር አስተያይቶ «ይህን ልተው» ማለት ይችላል።

ዝርዝሩ ለምን አስፈለገ? በደረጃ 5 ቀን ቁልቁለት ላይ የሚወጣ የለም ማለት ይቻላል። ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት በደረጃ 3 ነው። ሁሉም በሚፈራበት ቀን ሰው ቤቱ ይቀመጣል፤ የሚሞተው «ዛሬስ ምንም አይለኝም» ባለበት ቀን ነው።

እነሱም ይሳሳታሉ። እ.ኤ.አ. የካቲት 23 ቀን 1999 በኦስትሪያ ጋልቱር መንደር ላይ የወረደው ናዳ 31 ሰዎችን ገደለ። ናዳው የደረሰው በካርታው ላይ ከአደጋ ነጻ ተብለው ወደተቀመጡ ቤቶች ጭምር ነበር። ከዚያ በኋላ ካርታው እንደገና ተሠራ፣ መከላከያ ግንብም ቆመ። «የተፈጥሮ አደጋ ነው» ብለው ብቻ አላለፉትም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ቀጠፈ። ከሞቱት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት አካፋና ባዶ እጃቸውን ይዘው የሮጡ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ እነሱንም ወሰዳቸው። የበረዶ ናዳ ነፍስ አድን ሠራተኛ መጀመሪያ የሚማረው «ቁልቁለቱ ዳግም ይወርዳል ወይ?» ብሎ መጠየቅን ነው። የእኛን ገበሬ ይህን ማን አስተማረው? ለጎረቤቱ ስለሮጠ አንወቅሰውም፤ ሳናስተምረው የተውነው እኛ ነን።

«እነሱ ሀብታም ናቸው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ መሣሪያ አላቸው። ሆኖም የበረዶ ተንባዮች ዛሬም አካፋ ይዘው ጉድጓድ እየቆፈሩ ንብርብሩን በእጃቸው ይፈትሻሉ፤ በየሸለቆው የሚኖሩ ታዛቢዎችም ያዩትን ይልካሉ። በእኛ ቀበሌስ መሬት ሲሰነጠቅ፣ ዛፍ ሲያዘነብል፣ ምንጭ ድንገት ሲደፈርስ የሚያይ ገበሬ ጠፍቶ ነው? የጠፋው ያየውን ተቀብሎ «የዚህ ቁልቁለት ነዋሪዎች ዛሬ ማታ ውጡ፤ እዚህ ቦታ ታድራላችሁ» የሚል አካል ነው።

የሚቀጥለው ክረምት መምጣቱ አይቀርም። «ጥንቃቄ ይደረግ» የሚለው መግለጫ ሲነበብ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ የትኛው ቁልቁለት?