የንግድ ሚኒስትሩ ወንበርና የፎገራ ሩዝ

 የዛሬው ዋጋ ከላይ ተለጥፏል፤ ለሥራ የቸኮላችሁ እሱን አይታችሁ ማለፍ ትችላላችሁ። ይሄኛው አስተያየት ነው፣ ረዘም ይላል።

ዋጋ በወጣ ቁጥር «ንግድ ሚኒስቴር ምን እየሠራ ነው?» የሚል መልእክት በውስጥ መስመር ይጎርፍልናል። ዋጋ ሲወርድ ደግሞ ያንኑ ጥያቄ ዩኒየኖቹ ይልካሉ። ሸማቹም ገበሬውም የሚጮኸው አንድ ሰው ላይ ነው። ግን ያ ሰው በእጁ ምን አለ፣ ምንስ የለም? ይሄን ሳንለይ ስለምንጠይቅ ነው መልሱ ሁሌ ስብሰባና ግብረ ኃይል የሚሆነው።

ወንበሩ የቆየ ነው። ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ንግድና የውጭ ጉዳይ ባንድ ላይ ለነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ተሰጠ። ማዕረጉን ልብ በሉልኝ። ነጋድራስ ማለት መጀመሪያ የሲራራ ነጋዴዎች አለቃ ነው፤ በኋላ ቀረጥ ሰብሳቢና በነጋዴዎች መሀል ዳኛ ሆነ። በእኛው ሰፈር ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን መስመር ያለው ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሞሌ ጨው የሚገለበጥበት ስመ ጥር ገበያ ነበር፤ ነጋዴው በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ ነው የሚደርሰው። እንግዲህ ወንበሩ ሲወለድ ዋጋ አረጋጋ የተባለ የለም። ቀረጥ ሰብስብ፣ ነጋዴ ሲጣላ ፍረድ ነው ሥራው።

በጃንሆይ ዘመን በዚህ ወንበር ስማቸው የገነነው መኮንን ሀብተወልድ ናቸው፤ በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከተገደሉት ባለሥልጣናት አንዱ ሆኑ። የዚያን ዘመን ወንበር ዐይኑ ቡና ላይ ነበር፣ እህል እምብዛም አልነካውም።

እህል ላይ የወረደው በደርግ ነው። ንግድ ለሁለት ተከፈለ፤ የአገር ውስጥ ንግድ ሚኒስቴር ለብቻ፣ የውጭ ንግድ ሚኒስቴር ለብቻ። በ1968 ዓ.ም. የግል ነጋዴ ካፒታል ጣሪያ ወጣለት፤ ጅምላ ነጋዴ ከ300 ሺህ ብር እንዳያልፍ ተባለ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት መጣ፤ ገበሬው ኮታ ተጣለበት፣ ዋጋው ከላይ ተቆርጦ ይነገረዋል። ነጋዴውም ከገዛው ላይ ለድርጅቱ በተቆረጠው ዋጋ እንዲያካፍል ይገደዳል። በየመንገዱ ኬላ ቆመ። አንድ ኩንታል ጤፍ ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ማሻገር እንደ ኮንትሮባንድ ይታይ ነበር። ትርፍ ያለበት አገር እህሉ ይረክሳል፣ የጎደለበት አገር በኬላው ምክንያት ይወደዳል። ይሄ ሁሉ የፈረሰው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው። የዛሬ ኬላ ጠባቂዎች ይሄን ታሪክ ቢያነቡት ደስ ይለኝ ነበር።

ልማዱ ግን አልለቀቀንም። በ2003 ዓ.ም. ሚኒስቴሩ በስኳር፣ በዘይት፣ በሥጋ፣ በዳቦና በሌሎችም ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ዕቃው ከመደርደሪያ ጠፋ። በወራት ውስጥ ከጥቂቶቹ በቀር ጣሪያው ተነሣ። እኔ ከዚህ የተማርኩት፣ ሚኒስትር ዋጋ መጻፍ ይችላል፣ ዕቃ መውለድ ግን አይችልም።

ወንበሩም ሰው አይረጋበትም። ከ2011 እስከ 2016 ዓ.ም. ብቻ ፈትለወርቅ ገብረእግዚአብሔር፣ መላኩ አለበል፣ ገብረመስቀል ጫላ፣ ካሳሁን ጎፌ (ዶ/ር) ተፈራርቀውበታል። መሥሪያ ቤቱም ከንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የተለወጠው በዚሁ መሀል ነው፤ አዋጅ 1263/2014። ሰዎቹን አልወቅስም። አንዱ የሩዝን ወቅት አውቆ ሳይጨርስ ሌላው ይመጣል።

አሁን ወደ እኛ ሜዳ። የፎገራ ሩዝ በደርግ ጊዜ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ ተሞከረ፤ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙ ከዚያው ነው። ዛሬ ጉማራና ርብ በሚተኙበት ሜዳ ሩዝ ያልነካው ቤት ማግኘት ይቸግራል፤ ከጤፍ ተደባልቆ እንጀራ ሆኗል፣ ወረታ በመፈልፈያ ተሞልታለች። ይሁንና አገሪቱ ከምትበላው ሩዝ አብዛኛው ለዓመታት ከውጭ ሲገባ ኖሯል። የወረታ ዋጋ ስለዚህ ብቻውን አይቆምም።

ታድያ ይሄን ዋጋ የሚያንቀሳቅሰው ማነው? ቀረጡ ገንዘብ ሚኒስቴር ነው። ዶላሩ ብሔራዊ ባንክ ነው፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የውጭ ሩዝ በብር ሲተመን ተወደደ፣ የእኛው ሩዝ ሚኒስትሩ ምንም ሳይናገር ተፈላጊ ሆነ። ምርምሩ ግብርና ነው። ቡናም ቢሆን፣ ላኪዎች ታውቁታላችሁ፣ የቡናና ሻይ ባለሥልጣን ተጠሪነቱ ለግብርና ነው። መንገዱ ደግሞ የጸጥታ ጉዳይ ነው፤ ከነሐሴ 2015 ወዲህ መንገድ ተዘጋ በተባለ ቁጥር ወረታ እህሉ ይረክሳል፣ አዲስ አበባ ይወደዳል። ያን ጊዜ «ደላላ ነው ያስወደደው» ይባላል። ደላላ አምቡላንስ አይደለም፣ ሳይረን እየነፋ ኬላ አያልፍም!

ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። ዘይት፣ ስኳር፣ ስንዴ፣ ሩዝና የሕፃናት ወተት በፍራንኮ ቫሉታ ያለ ቀረጥ እንዲገቡ ተፈቀደ። ለከተማ ሸማች ተገቢ ነበር፣ አልቃወምም። ግን ሚያዝያ ለፎገራ ገበሬ ምን ማለት ነው? ሩዙ የሚሰበሰበው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ዕዳ ያለበት ያኔውኑ ርካሽ ይሸጣል። ትንሽ አቅም ያለው ጎተራ አስቀምጦ ክረምትን ይጠብቃል፤ የልጁን ትምህርት፣ የማዳበሪያውን ብር ከዚያ ነው የሚያወጣው። ውሳኔው ያገኘው ይሄንን ሰው ነው፣ ጎተራው ሙሉ እያለ። ውሳኔው ታኅሣሥ ሳይገባ ቢነገረው ኖሮ ቢያንስ መሸጥ ወይስ ማቆየት የሚለውን በራሱ ይወስን ነበር።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም. ነው፣ ድርድሩን የሚመራውም ይሄው ሚኒስቴር ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ለየዕቃው የቀረጥ ጣሪያ ይታሰራል። ለሩዝ ዝቅ ያለ ጣሪያ ከታሰረ ወዲያ በወጉ ከፍ ለማድረግ ካሳ መደራደር ነው የሚከተለው፤ በሰርኩላር የሚመለስ ነገር አይደለም። ስለ ቡና የሚናገር ላኪ አዲስ አበባ ሞልቷል። ስለ ፎገራ ሩዝ ማን ተናገረ? ዩኒየኖች ይሄን ጥያቄ ለእናንተ ነው የምተወው።

ሚኒስትሩ በራሱ እጅ ያለውም ትንሽ አይደለም። ሚዛን የእሱ ነው፤ ሕጋዊ ሥነ ልክ የሚባለው። ገጠር ገበያ ላይ በቆርቆሮና በጣሳ ሲሰፈር የሚጎድለውን ገበሬ ይቁጠረው። የንግድ ፈቃድ በእሱ ሥርዓት ነው የሚሰጠው። የገበያ መረጃም እንዲሁ። እኛ ወረታ ላይ ሩዝ የምንገዛው በዐይንና በእጅ ነው፤ ዘግነን፣ ነክሰን፣ ስብራቱን አይተን። እርጥበት መለኪያ ያለው ስንቱ ነው? ነጩም ቀዩም፣ ድፍኑም ስብሩም ባንድ ዋጋ ሲሄድ ጥሩ ያመረተው ይከስራል። እዚህ ላይ የእኛን ሙያ ሰዎችም አልምርም፤ ደረጃ በሌለበት የሚጠቀመው መጀመሪያ የሚዘግነው ነው።

ስለዚህ ከሚኒስትሩ የምፈልገው የዋጋ ጣሪያም ግብረ ኃይልም አይደለም። የሩዝ ማስገቢያ ፈቃድ ሲታሰብ ገንዘብ ሚኒስቴር ገብቶ «ፎገራ የሚሰበስበው በዚህ ወር ነው» ብሎ የሚከራከር ሰው ነው የምፈልገው፤ ውሳኔው ደግሞ ከመስከረም በፊት ይታወቅ። ዩኒየኖች በየመጋዘናችሁ ያለውን ያልተፈለፈለ ሩዝ በኩንታል፣ ዝርያውን ለይታችሁ ላኩልን። አጠቃለን እዚሁ እንለጥፈዋለን፣ ለክልሉ ንግድ ቢሮም በደብዳቤ እናስገባለን። ነገ ማታ የሽምብራና የጓያ ዋጋ ይዘን እንመለሳለን።